ኮንፊጉ የት ነው ያለው?

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፋይል መቀመጫ ነው። የዌብ ሰርቨር (ዌብሳይትን የሚያቀርበው ፕሮግራም) ኮንፊግ፣ ማለትም የማስተካከያ ፋይሉ፣ የት ፎልደር ውስጥ መኖር አለበት? ለአንድ ምሽት ትንሽ ርዕስ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛልና ከዚያው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። አንድ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። መብራት ሄዶ መጥቷል። ሰርቨሩ ተነስቷል። ዌብሳይቱ ግን አልተነሳም። «ምንም አልነካንም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ከቤቴ ሆኜ ገባሁና አየሁት። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨራቸው ለመነሳት ሞክሮ ወድቋል። የጻፈው ስህተት አጭር ነው። «/ኢቲሲ/ኤንጂንኤክስ/ሳይትስ-ኢኔብልድ» ውስጥ አንድ ፋይል ልከፍት ብል የለም ይላል። ፎልደሩን ዘርዝሬ ሳየው የፋይሉ ስም ቁጭ ብሏል። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ፋይል አይደለም፤ ሊንክ ነው፤ ሌላ ቦታ ወዳለ ፋይል የሚጠቁም። ሊንኩ የሚወስደው ወደ ሆም፣ ወደ አንድ ሠራተኛ የግል ፎልደር ነው። ልጁ ከሁለት ወር በፊት ሥራ ለቋል። ሲለቅ አካውንቱ ተዘጋ፤ የሆም ፎልደሩም አብሮ ተሰረዘ። የድርጅቱ አሠራር እንደዛ ነው፤ ትክክልም ነው።

ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ኤንጂንኤክስ ኮንፊጉን የሚያነበው ሲነሳ ነው፤ ወይም «እንደገና አንብብ» ሲባል። አንዴ ካነበበው በሜሞሪ ይዞት ይሠራል። ፋይሉ ከዲስክ ላይ ቢጠፋ አያውቅም። እንደገና አንብብ ቢባልና ማንበብ ቢያቅተው ደግሞ አይቆምም፤ በድሮው ይቀጥላል። ለተጠቃሚው ይኼ ጥሩ ጠባይ ነው። ለእኛ ግን ችግሩን ደብቆ ያቆይልናል። ሳይቱ ያለ ኮንፊግ ፋይል ሁለት ወር ሠራ፤ መብራት እስኪሄድ ድረስ።

«ባክአፕ አለን» አሉኝ። ተንፈስ አልኩ። በየሌሊቱ ኢቲሲን (የማሽኑ ማስተካከያ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር) ታር በሚባል የመጠቅለያ ፕሮግራም ጠቅልለው ሌላ ማሽን ላይ ያስቀምጣሉ። ከፈትኩት። ውስጡ ያው ሊንክ ነው ያለው። ታር ሊንክ ሲያገኝ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጣችሁት በቀር፣ ሊንኩን ራሱን ነው የሚያስቀምጠው። ሊንኩ የሚያመለክተውን ፋይል አያመጣም። የብዙ ሌሊት ባክአፕ አለን፤ ሁሉም ውስጥ ወደተሰረዘው ፎልደር የሚጠቁም አንድ ቀስት ብቻ።

እንዴት እንደወጣንበት በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ልጁ አንድ ነገር ልበል። ሰነፍ አልነበረም። ኮንፊጉን ከፕሮጀክቱ ኮድ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ፈልጎ ነው። ሩት (ሁሉ የሚፈቀድለት የማሽኑ ዋና ተጠቃሚ) ሳይሆን ማረም እንዲችልም ነው። ሁለቱም የሚገቡኝ ምክንያቶች ናቸው። የሳተው አንድ ነገር ነው። የዌብ ሰርቨር ኮንፊግ የማሽኑ ነው። የጻፈው ሰው አይደለም፤ የፕሮጀክቱም አይደለም። ሰው ይሄዳል፣ ፕሮጀክት ይቀየራል፣ ማሽኑ ግን መብራት በመጣ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ መነሳት አለበት። ከዚህ በኋላ የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አሁን ወደ ኢቲሲ እንምጣ። ስሙ ከላቲን የመጣ ነው። በአማርኛ «ወዘተ» የምንለው ማለት ነው። ዩኒክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቤል ላብስ ውስጥ ሲሠራ ሌላ ቦታ ያልተገኘለት ነገር የሚቀመጥበት ፎልደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን ሰባተኛውን ዕትም ብታዩ፣ የይለፍ ቃሉ ፋይል እዚያ አለ፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ኢኒት የሚባለው ፕሮግራምም እዚያው አጠገቡ አለ። ፕሮግራምና ማስተካከያ ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። በእውነትም ወዘተ።

ጊዜ ሲሄድ ፕሮግራሞቹ ወጡና ማስተካከያዎቹ ቀሩ። ሊኑክስ ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ስርጭት (እንደ ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሬድ ሃት ያለ የሊኑክስ ዓይነት) በመሰለው መንገድ ያስቀምጥ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ሰዎች ተሰባስበው የጋራ ደንብ አወጡ። ያ ደንብ አድጎ ዛሬ ኤፍኤችኤስ የምንለው ሆነ። 3.0 የተባለው ዕትሙ የወጣው በ2015 ነው። ስለ ኢቲሲ የሚለው ግልጽ ነው። የዚህ ማሽን ማስተካከያ የሚቀመጥበት ነው፤ የኮንፊግ ፋይል በራሱ የማይለዋወጥ መሆን አለበት፤ የሚሠራ ባይነሪ ፕሮግራም ግን እዚያ አይገባም።

«የዚህ ማሽን» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። አሥር ሰርቨር አላችሁ እንበል። አሥሩም ላይ ያው ኡቡንቱ፣ ያው ኤንጂንኤክስ ነው ያለው። ዩኤስአር የሚባለው፣ ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ፎልደር አሥሩም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ብትገለብጡት ለውጥ የለውም። ደንቡም ዩኤስአር ለማንበብ ብቻ ተደርጎ በብዙ ማሽኖች መሀል ሊጋራ እንዲችል ነው የሚፈልገው። ቫር ደግሞ እየሠራ የሚያድገው ነው፤ ሎጉ፣ ካሹ፣ ዳታቤዙ። ይኼን ማሽን ከወንድሞቹ የሚለየው፣ ስሙን፣ የሚያስተናግደውን ሳይት፣ ጥያቄ የሚሰማበትን ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) የሚያውቀው ኢቲሲ ነው። ማሽኑ ቢቃጠል ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት መልሳችሁ ታወርዳላችሁ። ኢቲሲን ግን ከየትም አታወርዱትም።

እሺ፣ ኢቲሲ ውስጥ የት? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚደናገረው። አፓቼ የሚባለውን ሌላ ዌብ ሰርቨር ውሰዱ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «/ኢቲሲ/አፓቼ2» ውስጥ ነው። ሬድ ሃትና ዘመዶቹ ላይ «/ኢቲሲ/ኤችቲቲፒዲ» ይባላል። ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ «/ዩኤስአር/ሎካል/ኢቲሲ/አፓቼ24» ነው። ከምንጭ ኮዱ ራሳችሁ ብትሠሩትና ምንም ሳትነግሩት ብታልፉ ደግሞ «/ዩኤስአር/ሎካል/አፓቼ2/ኮንፍ» ውስጥ ይገባል። አንድ ፕሮግራም፣ አራት ቤት።

የሰውን ቅሬታ እሰማለሁ። «ለምን አንድ አያደርጉትም?» ይላሉ። እኔም ድሮ እል ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ቦታው ራሱ ወሬ ይነግራችኋል፤ ፕሮግራሙን እዚህ ማሽን ላይ ማን እንዳመጣው ይናገራል። ፍሪቢኤስዲን እዩት። ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ነገር ኮንፊጉ ኢቲሲ ውስጥ ነው። እናንተ ከውጭ ያመጣችሁት ሁሉ፣ ኤንጂንኤክስም አፓቼም፣ ዩኤስአር ሎካል ሥር በራሱ ኢቲሲ ውስጥ ይገባል። ድንበሩ ንጹህ ነው። ኦፕንቢኤስዲ የራሱ ትንሽ ዌብ ሰርቨር ስላለው፣ የሲስተሙ አካል ስለሆነ፣ የሱ ኮንፊግ ቀጥታ ኢቲሲ ውስጥ አንድ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። የአፕል ማክ ላይም እንደዛው ነው። አብሮ የመጣው አፓቼ ኢቲሲ ውስጥ ነው። በሆምብሩ (ለማክ ሶፍትዌር የሚያመጣ ፕሮግራም) ያስገባችሁት ግን በአዲሶቹ ማኮች «/ኦፕት/ሆምብሩ/ኢቲሲ» ሥር ይቀመጣል።

ሊኑክስ ላይ ፓኬጅ ማኔጀሩ (ሶፍትዌር የሚያስገባውና የሚያድሰው ፕሮግራም) ሁሉንም ስለሚያመጣው ሁሉም ኢቲሲ ውስጥ ይገባል። ዩኤስአር ሎካል የተተወው እናንተ በእጃችሁ ለሠራችሁት ነው። ከምንጭ ኮድ አፓቼን ሠርታችሁ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ብታስቀምጡት ጥፋት የለውም። ጥፋቱ፣ ፓኬጁም እያለ ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ መተው ነው። አንዱን ኮንፊግ ታርማላችሁ፣ የሚሠራው ሌላኛው ነው። ሁለት ሰዓት እንደዛ ያጠፋ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

ሬድ ሃት ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ በጣም ስለምወደው ነው። «/ኢቲሲ/ኤችቲቲፒዲ» ውስጥ ገብታችሁ ዘርዝሩ። ኮንፍ እና ኮንፍ.ዲ የሚባሉ ፎልደሮች ታገኛላችሁ፤ ይጠበቃል። ከነሱ ጎን ግን ሎግስ፣ ሞጁልስ እና ረን የሚሉ ስሞች አሉ። ሎግ ኢቲሲ ውስጥ ምን ይሠራል? ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሦስቱም ሊንኮች ናቸው። ሎግስ ወደ ቫር ነው የሚወስደው፣ ሞጁልስ ወደ ዩኤስአር፣ ረን ደግሞ ወደ ረን ፎልደር። አፓቼ በተፈጥሮው ሁሉ ነገሩን በአንድ ግንድ ሥር ማግኘት ይወዳል፤ ኮንፊጉን፣ ሎጉን፣ ሞጁሉን። ሲስተሙ ደግሞ እያንዳንዱን በየቦታው ይፈልጋል። ሦስቱ ሊንኮች ሁለቱን አስታረቋቸው። ሊንክ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ልብ በሉ። እነዚህ የሚያመለክቱት ማሽኑ እስካለ ድረስ ወደሚኖር ቦታ ነው። የዚያ ልጅ ሊንክ ወደ ሰው ቤት ነበር የሚወስደው።

ኢቲሲን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት አፕዴት ነው። ዴቢያን ላይ የፓኬጅ ኮንፊግ ፋይሎች ኢቲሲ ውስጥ እንዲሆኑ የፖሊሲ ግዴታ አለ። የእናንተ ለውጥ በአፕዴት እንዳይጠፋም ግዴታ አለ። ፋይሉን ካረማችሁት በኋላ አዲስ ዕትም ሲመጣ ዲፒኬጂ፣ ፓኬጆቹን የሚያስገባው ፕሮግራም፣ ቆም ብሎ ይጠይቃችኋል፤ «ያንተን ልተው ወይስ አዲሱን ላስገባ?» ብሎ። ሬድ ሃት ላይ አርፒኤም አይጠይቅም። አብዛኛውን ጊዜ የእናንተን ይተውና አዲሱን «.አርፒኤምኒው» የሚል ጭራ ሰጥቶ ከጎኑ ያስቀምጠዋል። በሁለቱም መንገድ የደከማችሁበት አይጠፋም።

ይኼ ጥበቃ ግን ዩኤስአር ውስጥ የለም። ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ፣ ኤንጂንኤክስን የሚያስነሳበት ፋይል «/ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ» ሥር ነው። እሱን በቀጥታ ብታርሙት ለጊዜው ይሠራል። በሚቀጥለው አፕዴት ግን ሳይጠይቅ ይገለበጥበታል። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ኤንጂንኤክስ» ስትሉ፣ ኮማንዱ ራሱ ኢቲሲ ውስጥ ትንሽ ማሻሻያ ፋይል ይከፍትላችኋል። የአምራቹ ቃል ዩኤስአር ውስጥ፣ የእናንተ ቃል ኢቲሲ ውስጥ። ሁለቱ ሲጋጩ የእናንተ ያሸንፋል። ይኼን አሠራር ብዙ ሶፍትዌር ቢከተለው ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ሳይትስ-አቬይለብል እና ሳይትስ-ኢኔብልድ። ዴቢያንና ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ታውቋቸዋላችሁ። የመጀመሪያው ውስጥ ፋይሉ ራሱ ይቀመጣል። ሁለተኛው ውስጥ ወደሱ የሚወስድ ሊንክ። ሳይት ማጥፋት ስትፈልጉ ሊንኩን ብቻ ታነሳላችሁ። አፓቼ ላይ ኤ2ኤንሳይት እና ኤ2ዲስሳይት የሚባሉ ኮማንዶች ይኼን ይሠሩላችኋል። ጥሩ አሠራር ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ሰውን ሲጥል ደጋግሜ አይቻለሁ።

የዴቢያን ኤንጂንኤክስ ሳይትስ-ኢኔብልድ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ጭራውን አይመርጥም። አንድ ጎበዝ ጥንቃቄ አድርጎ፣ ከማረሙ በፊት «ሱቅ» የሚባለውን ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ «ሌላ-ሱቅ» ብሎ ገለበጠው እንበል። ከዚያ «ሱቅ»ን አረመ። ሪሎድ አደረገ፤ «እንደገና አንብብ» አለው ማለት ነው። ምንም አልተለወጠም። ደግሞ አረመ። አሁንም ምንም። ለምን? ኤንጂንኤክስ ፋይሎቹን በፊደል ቅደም ተከተል ነው የሚያነበው። «ሌላ-ሱቅ» ከ«ሱቅ» ይቀድማል። ሁለት ፋይሎች በአንድ ፖርት ላይ ያንኑ የሳይት ስም ሲጠሩ የመጀመሪያው ይሠራል፣ የሁለተኛው ይተዋል። የሚቀረው አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፤ እሱንም ብዙ ሰው አያነበውም። ድሮው ፋይል እየሠራ አዲሱን ቀኑን ሙሉ ታርማላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅጂ ሳይትስ-ኢኔብልድ ውስጥ አይቀመጥም። እኔ ከዚህም የምመርጠው ኮንፍ.ዲ የሚባለውን ፎልደር ነው፤ የኤንጂንኤክስ አዘጋጆች በራሳቸው ፓኬጅ የሚጠቀሙበት። እዚያ የሚነበበው በ«.ኮንፍ» የሚያልቅ ፋይል ብቻ ነው። «ሱቅ.ኮንፍ.ድሮ» ብላችሁ ብትተዉት አይነካችሁም። የዴቢያን አፓቼም ዛሬ ሳይቶቹን የሚያነበው «.ኮንፍ» የሚል ጭራ ካላቸው ብቻ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሌላው ባልደረባችሁ ሳይትስ-ኢኔብልድን የለመደ ከሆነ ግን በኔ ምርጫ አትከራከሩ። ማሽኑ ላይ ያለውን ልማድ ተከተሉ። ሁለት ልማድ አንድ ሰርቨር ላይ ከሁለቱም ይከፋል።

የት መቀመጥ እንደሌለበትም በአጭሩ። የዌብሳይቱ ፋይሎች መሀል አይቀመጥ። ሰርቨሩ ለዓለም የሚያሳየው ፎልደር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ፣ ስሙን የገመተ ሰው ሊያወርደው ይችላል። የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያለበት ፋይል፣ የጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) ፎልደር፣ ቅጂ ፋይል፤ እነዚህን እየዞሩ የሚፈልጉ ሮቦቶች አሉ። የሎጋችሁን ፋይል ክፈቱና ታዩዋቸዋላችሁ። የሰርተፍኬት (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጥ ፋይል) የግል ቁልፍም ኢቲሲ ውስጥ፣ ሩት ብቻ በሚያነበው ፎልደር ይሁን።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳው የአፓቼ «.ኤችቲአክሰስ» ነው። እሱ በትክክል የሳይቱ ፋይሎች መሀል የሚቀመጥ ኮንፊግ ነው። የሚጠቅመውም ሰርቨሩ የራሳቸው ላልሆነ፣ ከሌሎች ጋር ተጋርተው ሆስቲንግ ለሚከራዩ ሰዎች ነው። እንደዚያ ከሆናችሁ ምርጫ የላችሁም፣ ተጠቀሙበት። ሰርቨሩ የእናንተ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም። አፓቼ ያንን ፋይል በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ በመንገዱ ባለው በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ይፈልገዋል። ቢኖርም ባይኖርም ይፈልጋል። ከ2.4 ጀምሮ ሆን ብላችሁ ካልፈቀዳችሁለት በቀር እንዳያነበው ተደርጓል፤ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

«እኛ ግን ኮንፊጋችንን ጊት ውስጥ ነው የምንይዘው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በጣም ጥሩ። የሚጻፍበት ቦታና የሚኖርበት ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጊት ውስጥ ጻፉት፣ ተገማገሙበት፣ ከዚያ በአንሲብል (ሰርቨሮችን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ) ወይም በቀላል ስክሪፕት ወደ ኢቲሲ ገልብጡት። ቅጂ ይሁን፣ ሊንክ አይሁን። ጊቱ ቢጠፋ ማሽኑ አይወድቅም። ይኼን ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ ኢቲሲኪፐር የሚባል መሣሪያ አለ። ኢቲሲን ራሱን ጊት ውስጥ ያስገባውና ፓኬጅ ስታስገቡና ስታወጡ ለውጡን ራሱ ይመዘግባል። ሩት ሳይሆን ማረም ለሚፈልግም መፍትሔ አለ። ለቡድኑ አንድ ግሩፕ ፍጠሩና የዚያን አንድ ፋይል ፐርሚሽን ስጡት፤ ፋይሉ ከቤቱ አይውጣ።

ዶከር ላይ፣ ፕሮግራምን ኢሜጅ በሚባል ጥቅል በሚያስኬደው መሣሪያ ላይ፣ ያላችሁም ከዚህ አላመለጣችሁም። የኤንጂንኤክስ ኦፊሻል ኢሜጅ ኮንፊጉን ኢቲሲ ውስጥ ይፈልጋል። የአፓቼው ኢሜጅ ግን ከምንጭ ኮድ ስለተሠራ «/ዩኤስአር/ሎካል/አፓቼ2/ኮንፍ» ነው የሚያየው። ፋይላችሁን የተሳሳተ ቦታ ብታስገቡለት ስህተት አይነግራችሁም፤ የራሱን ነባር ገጽ እያሳየ ይቀመጣል።

እና የማታውቁት ሰርቨር ላይ ስትገቡ አትገምቱ፤ ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቁት። «ኤንጂንኤክስ» ብላችሁ ሰረዝና ትንሹን ቲ ስታስከትሉ ኮንፊጉ ልክ መሆኑንና የት እንዳለ ይነግራችኋል። ትልቁን ቲ ስትጽፉ የሚያነባቸውን ፋይሎች ሁሉ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ እየጻፈ፣ በአንድ ላይ ይዘረግፍላችኋል። አፓቼ ላይ «አፓቼሲቲኤል» ሰረዝ ትልቁ ቪ የኮንፊጉን ቦታ ያሳያል። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የምትጠብቁት ሰርቨር ካለ ያንን ትልቁን ቲ ሞክሩት፤ ከኢቲሲ ውጭ የሆነ ፋይል ከወጣ ለዚህ ነበር የመጣሁት።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ፋይሉ የለም። ባክአፑ ባዶ ቀስት ነው። ካለው ነገር ተነስተን ጻፍነው። የሳይቱን ስም ከሰርተፍኬቱ ፎልደር አገኘነው፤ ሰርተፍኬቱ የሌትስ ኢንክሪፕት (በነፃ ሰርተፍኬት የሚሰጥ አገልግሎት) ሲሆን ፕሮግራሙ ኢቲሲ ውስጥ በሳይቱ ስም ፎልደር ይከፍታል። አፕሊኬሽኑ የትኛው ፖርት ላይ እንደሚሰማ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ዘርዝረን አየን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሳይቱ ተከፈተ። ፋይሉን በዚህ ጊዜ ሳይትስ-አቬይለብል ውስጥ አስቀመጥነው። ሁላችንም ተኛን።

በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ። «ደንበኞች ፎቶ አልጫን አላቸው» አሉኝ። ሎጉን ሳይ ስህተት 413 ሞልቷል፤ የተላከው ፋይል ከሚፈቀደው በላይ ነው ማለት ነው። ኤንጂንኤክስ ምንም ካልነገራችሁት የሚፈቅደው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ድሮው ፋይል ውስጥ ይኼን ከፍ የሚያደርግ አንድ መስመር ነበረ ማለት ነው። ስንት እንደሚል የሚያውቅ ድርጅቱ ውስጥ አልነበረም። ስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ ለልጁ ደወልኩለት። ሳይውል ሳያድር ሳይሆን ወዲያው፣ ስልኩ ላይ እያለን ነገረኝ። 20 ሜጋባይት። ሁለት ጊዜ ሞክሮ 10 እንዳልበቃ፣ በስልክ የሚነሱ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚላኩ ሁሉ አስታወሰ። «ምክንያቱን እኮ ከመስመሩ በላይ ጽፌው ነበር» አለኝ። መስመሩን መልሼ አስገባሁና የነገረኝን ምክንያት በራሱ ቃል ከላዩ ጻፍኩት።